በበቆሎ ማሳ ውስጥ ለመጥፋት መክፈል፦ ስለ ኮርን ሜዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መስከረም ከጠባ በኋላ አሜሪካ ያሉ ሐበሾች ስልክ ላይ የዱባና የበቆሎ ፎቶ ይበዛል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሰምተው ይመጡና "ኮርን ሜዝ እንሂድ" ይላሉ። ወላጅ ደግሞ "እሱ ደግሞ ምንድን ነው? ስንት ነው? ጠፍተን ብንቀርስ?" ይላል። ከዚህ በታች ያሉት በብዛት የሚነሱት ጥያቄዎች ናቸው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ኮርን ሜዝ ምንድን ነው?

በበቆሎ ማሳ ውስጥ የተቆረጠ ግራ የሚያጋባ መንገድ ነው። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ለሁለት ለሦስት ይከፈላል፣ አንዳንዱ ሄዶ ሄዶ ይዘጋል። በቆሎው ሁለት ሜትር ተኩል፣ አንዳንዴም ሦስት ሜትር ይደርሳል። ውስጥ ከገባችሁ የሚታያችሁ ግራና ቀኝ አገዳ፣ ከላይ ሰማይ ነው። መውጫውን ፈልጎ ማግኘት የእናንተ ሥራ ነው። ከአውሮፕላን ወይም ከድሮን ሲታይ ግን መንገዱ ሥዕል ይሆናል፦ እንስሳ፣ የታዋቂ ሰው ፊት፣ የስፖርት ቡድን ዓርማ። እግረኛው ይህን ሥዕል አያየውም። ለዚህ ነው ብዙ እርሻዎች ፎቶውን በር ላይ የሚሰቅሉት።

ማን ጀመረው?

በቁጥቋጦ አጥር የሚሠራው የአውሮፓ መናፈሻ ሜዝ ዘመናት አስቆጥሯል። ለንደን አጠገብ ሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ያለው ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ዛሬም ሰው ይገባበታል። የበቆሎው ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ኮርን ሜዝ የሚባለው በ1993 ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የተሠራው ነው። ሐሳቡን ያመጣው ገበሬ አልነበረም። ዶን ፍራንዝ የሚባል የብሮድዌይ ቴአትር ፕሮዲዩሰር ነው። ንድፉን ያወጣለት እንግሊዛዊው የሜዝ ባለሙያ ኤድሪያን ፊሸር ሲሆን ቅርጹ ዳይኖሰር ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካን መካከለኛ ምዕራብ ጎርፍ መትቶት ስለነበር ገቢው ለተጎጂዎች መርጃ እንዲውል ተደረገ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ብሬት ኸርብስት የሚባል የዩታ ሰው የራሱን ከፈተ። ኋላ ላይ ለሌሎች ገበሬዎች እየነደፈ የሚሸጥ ድርጅት አቋቋመ። ነገሩ በየስቴቱ የተዛመተው እንዲህ ነው።

ትልቁ የት ነው?

በ2014 ካሊፎርኒያ፣ ዲክሰን ውስጥ ያለው ኩል ፓች ፓምፕኪንስ 60 ኤከር ሸፍኖ የጊነስን ክብረ ወሰን ይዟል። 24 ሄክታር ማለት ነው። ግን ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ትልቅ ስለሆነ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ከአምስት እስከ አሥር ኤከር ያለው ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከዞረ የማይነጫነጭ የስድስት ዓመት ልጅ ማግኘት ከባድ ነው።

መንገዱን እንዴት ነው የሚያወጡት?

ብዙ ሰው በቆሎው ካደገ በኋላ የሚታጨድ ይመስለዋል። ነገሩ የሚያልቀው በቆሎው ገና ልጅ ሳለ ነው።

መጀመሪያ ዘሩ ይዘገያል። የመደበኛው በቆሎ ዘር በሚያዝያና በግንቦት ሲገባ የሜዙ ግን ሰኔ ድረስ ይቆያል። እንደ ሌላው ቀድሞ ከተዘራ ጥቅምት ላይ ደርቆ ይንኮታኮታል፤ ቢዘገይ ግን እንግዳ በሚመጣበት ሰሞን ገና አረንጓዴ ይሆናል። ብዙዎች ማሳውን አንዴ ወደ ቁመቱ፣ አንዴ ወደ ጎኑ ሁለት ጊዜ ይዘሩታል። ይህ የሚደረገው ግድግዳው ጥቅጥቅ እንዲል ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተዘራ በመስመሮቹ መካከል አሻግሮ ማየት ይቻላል፣ ጨዋታውም ይበላሻል።

ከዚያ በቆሎው ቁርጭምጭሚትና ጉልበት መካከል ሲደርስ መንገዱ ይወጣል። ድሮ ማሳውን በካሬ ከፍለው፣ ትንንሽ ባንዲራ ተክለው፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሥዕል በእግር እየቆጠሩ መሬት ላይ ይገለብጡት ነበር። አሁን ጂፒኤስ የተገጠመለት ትራክተር ንድፉን እያነበበ ይሄዳል። ቡቃያው ይታረሳል ወይም ከሥሩ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ገበሬው በየሳምንቱ መንገዱን ማጽዳት አለበት።

ገበሬውን እንቅልፍ የሚነሳው ነፋስ ነው። ነሐሴ ላይ አንድ ኃይለኛ ነፋስ ማሳውን ካጋደመው ግድግዳ የለም፣ ሜዝ የለም። ለዚህ ሲሉ አገዳው ጠንካራ የሆነ ዝርያ ይመርጣሉ።

መቼ ነው የሚከፈተው?

አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው፤ በእነሱ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ። ቅዳሜ ከሰዓት በጣም ይጨናነቃል፣ በተለይ የኦክቶበር አጋማሽ ቅዳሜና እሑድ። ከቻላችሁ አርብ ከትምህርት ቤት በኋላ፣ ወይም እሑድ በር እንደተከፈተ ሂዱ። ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን የምትሉ፣ ስትደርሱ ሰዓቱ መግፋቱን አስቡ። ብዙ እርሻዎች ከመዝጊያው አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ማስገባት ያቆማሉ።

እንግሊዝ ያላችሁ ጥቅምትን አትጠብቁ። እዚያ ወቅቱ የተማሪዎች የሰመር ዕረፍት ነው። ዮርክ ሜዝ ለምሳሌ ከሐምሌ ጀምሮ ክፍት ሆኖ በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ ይዘጋል።

የት እንሂድ?

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ምርጫው ሞልቷል። ሊስበርግ አጠገብ ቴምፕል ሆል ፋርም አለ፤ የሚያስተዳድረው የሰሜን ቨርጂኒያ የፓርኮች ባለሥልጣን ነው። ጀርመንታውን ያለው በትለርስ ኦርቻርድ ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ቅርብ ነው። ፍሬድሪክ አካባቢ ሰመርስ ፋርም፣ አፐር ማርልቦሮ ደግሞ ሞንትፔሊየር ፋርምስ አሉ። ዴንቨር ያላችሁ የዕፅዋት መናፈሻው ቻትፊልድ ላይ ባለው እርሻ የሚያዘጋጀውን ተመልከቱ። የሲያትል ሰው ስኖሆሚሽ ወዳለው ስዋንስ ትሬይል ቢሄድ ያስቀዋል፦ ሜዙ የዋሽንግተን ስቴት ካርታ ነው፣ የምትሄዱበት መንገድ አውራ ጎዳናዎቹ ናቸው። ሚኒሶታ ያላችሁ ሻካፒ አጠገብ ሴቨርስ አለላችሁ።

ከመነሳታችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ። ዝናብ ከጣለ በዚያው ቀን ሊዘጉት ይችላሉ።

ስንት ያስከፍላል?

እንደ ቦታውና እንደ ቀኑ ይለያያል። ብዙ ቦታ በሰው ከ10 እስከ 25 ዶላር አካባቢ ነው። ቅዳሜና እሑድ ይወደዳል፣ ሕፃናት ብዙ ጊዜ በነፃ ናቸው። አንዳንዱ ቦታ ቲኬቱ ትራክተር የሚጎትተውን ጋሪ፣ እንስሳቱንና መንሸራተቻውን ሁሉ ያጠቃልላል። ሌላው ጋ ሁሉም ለየብቻው ነው፤ እዚያ የአራት ልጆች አባት ኪሱን ይጠብቅ። ዱባውን ደግሞ በክብደት ስለሚሸጡት ልጁ ትልቁን ከማቀፉ በፊት ዋጋውን ጠይቁ።

ሃሎዊን አናከብርም። ይሄ ነገር ከሱ ጋር የተያያዘ ነው?

ወቅቱ ስለገጠመ ነው እንጂ ራሱ ሜዙ ከሃሎዊን ጋር ግንኙነት የለውም። ቀን ላይ ስትሄዱ በቆሎ፣ ፍየል፣ ዱባና ልጆች ነው የምታዩት። አንዳንድ እርሻ ግን ማታ ማታ የሚያስፈራ ፕሮግራም አለው፦ ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች ከአገዳው ውስጥ ድንገት ይወጣሉ፣ የሞተር መጋዝ ድምፅ ያሰማሉ። ይህ ቲኬቱም ሰዓቱም ለብቻው ነው። ማስታወቂያው ላይ "ሆንትድ" የሚል ካለ ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ። "ፍላሽላይት ናይት" የሚለው ግን ሌላ ነው። እሱ በጨለማ በእጅ ባትሪ መዞር ብቻ ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ያሉ ልጆች ይወዱታል።

እናቴ ከሀገር ቤት መጥታለች። ትወደዋለች?

በቆሎ ስትኮተኩት ያደገች ከሆነች መጀመሪያ የምትላችሁ "በቆሎ ለማየት ነው ብር የከፈላችሁት?" ነው። ተዘጋጁ። መልስም የለውም፣ ሳቁና እለፉት።

ግን ብዙዎቹ እናቶች ሲገቡ ይለወጣሉ። አገዳውን ይነካሉ፣ የአፈሩን ዓይነት ያያሉ፣ "ይሄ ሳይታረም ነው የቀረው" ይላሉ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ እሸት መሸምጠጥ ክልክል ነው። ሜዝ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ለከብት መኖ የሚሆን የእህል በቆሎ ነው። በጥቅምት ፍሬው ጠንክሯል፣ ተጠብሶም አይበላም። የተጠበሰ ካማራቸው ብዙ እርሻዎች ይሸጣሉ። እሱ ደግሞ ጣፋጩ በቆሎ ስለሆነ "ስኳር ነው እንዴ የጨመሩበት?" የሚል ጥያቄ ይከተላል።

እግራቸውን ለሚያማቸው አዛውንት ሜዙ ይቅር፣ በትራክተር የሚጎተተው ጋሪ ይሻላል። ውስጥ ወንበር ብዙ የለም፣ በአቋራጭ መውጣትም ቀላል አይደለም።

ሕፃን ይዘን መግባት እንችላለን?

ትችላላችሁ። የልጅ ጋሪ ግን ጭቃና የአገዳ ጉቶ ላይ ይጣበቃል። ማዘያ ይሻላል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላሉት ብዙ ቦታ ትንሽ ሜዝ ለብቻ አለ፤ ሲዞሩ ከውጭ ይታዩአችኋል። ትልቁ ውስጥ ልጅ ቀድሞ እንዲሮጥ አትፍቀዱ። አንድ መታጠፊያ ካለፈ አይታይም፣ አገዳው ድምፅ ስለሚያፍን ስትጠሩትም ላይሰማ ይችላል። ደማቅ ቀለም ያለው ሹራብ አልብሷቸው።

ምን እንልበስ? ምን እንያዝ?

ሽፍን ጫማ፣ ቢቆሽሽ የማያሳዝናችሁ። እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ምክንያቱም የበቆሎ ቅጠል ጠርዝ ቆዳ ይቧጥጣል። ውኃ። ቻርጅ የሞላ ስልክ። አስም ያለበት ሰው ኢንሄለሩን አይርሳ፤ የደረቀ ቅጠል አቧራና ሻጋታ ያስነጥሳል። ሲጋራ ጨርሶ አይቻልም፣ የደረቀ በቆሎ እንደ ጭድ ነው የሚነደው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ መዥገር ስላለ ማታ የልጆቹን እግርና ከጆሮ ጀርባ እዩ።

መውጫውን ለማግኘት ዘዴ አለ?

አለ። በጣም የታወቀው የቀኝ እጅ ዘዴ ነው። ቀኝ እጃችሁ ግድግዳውን እንደያዘ አስባችሁ፣ ሳትለቁ ትከተሉታላችሁ። መንገዱ ቢዘጋም ግድግዳውን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ሁልጊዜ ግራን ብትመርጡም ያው ነው፤ ዋናው ነገር እጅ አለመቀየር ነው።

ብዙ ሰው "ሞከርኩት፣ አልሠራም" የሚለው ለምንድን ነው? ጠፍቶ ከደነገጠ በኋላ መሃል ላይ ስለሚጀምረው ነው። መሃል ላይ ያለው ግድግዳ ከውጭው ጋር ያልተያያዘ ብቻውን የቆመ የበቆሎ ደሴት ሊሆን ይችላል። እሱን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ዞራችሁ ዞራችሁ እዚያው ትመጣላችሁ። ዘዴው የሚያዋጣው ከመግቢያው በር ጀምሮ ሲያዝ ነው፤ መውጫው በማሳው ዳር ከሆነና ድልድይ ከሌለው ያደርሳችኋል። ድልድይ ካለ መንገዱ ከላይና ከታች ስለሚተላለፍ ሒሳቡ ይዛባል።

ሌላም ጉድለት አለው። ያደርሳችኋል እንጂ ሁሉንም ቦታ አያሳያችሁም። ብዙ ሜዝ ውስጥ ደግሞ ማግኘት ያለባችሁ ጣቢያዎች አሉ። በር ላይ ካርድ ይሰጧችኋል፣ ጣቢያው ጋ ስትደርሱ በተሰቀለው መብሻ ትበሱታላችሁ ወይም ጥያቄ ትመልሳላችሁ። ጥያቄውን በትክክል ከመለሳችሁ ወደ ትክክለኛው መንገድ፣ ከተሳሳታችሁ ወደ ተሳሳተው ይልካችኋል። ጣቢያ ለመሰብሰብ ከሆነ የገባችሁት፣ የቀኝ እጁን ዘዴ ተዉትና መጋጠሚያዎቹን በስም ያዙ፦ "አገዳው የተሰበረበት"፣ "ኩሬ ያለበት"። ልጆች በዚህ ከአዋቂ ይበልጣሉ።

ከሰዓት በኋላ ከሆነ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስላዘነበለች አቅጣጫ ትሰጣለች። ከመግባታችሁ በፊት መኪና ማቆሚያው በየት በኩል እንደሆነ ልብ በሉ። ድልድይ ካገኛችሁ ወጥታችሁ ቆም ብላችሁ እዩ፣ ለዚያ ነው የተሠራው። በእግር የተደለደለ መንገድ ግን አያታልላችሁ። የተዘጋው መንገድም እኩል ይደለደላል፤ ሁሉም ሄዶ የሚመለሰው በእሱ ነው።

በስልክ የሳተላይት ካርታ መክፈት ብዙም አይረዳም፤ ሥዕሉ የአምና ወይም የካቻምና ሊሆን ይችላል። የበቆሎውን ግድግዳ ጥሶ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። አንድ ሰው የጣሰውን ቀጥሎ ሃምሳ ሰው ይከተለዋል፣ እሑድ ማታ ገበሬው ሜዝ ሳይሆን ሜዳ ይረከባል።

የምር ብንጠፋስ?

አትደንግጡ። ውስጥ የሚዘዋወሩ ሠራተኞች አሉ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ረጅም እንጨት ላይ ያለ ባንዲራ ይሰጧችኋል፤ ከፍ ስታደርጉት መጥተው ያወጧችኋል። በር ላይ የተጻፈውን ስልክ ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ግቡ።

በ2011 ማሳቹሴትስ፣ ዳንቨርስ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ሕፃን ይዞ ገብቶ መሸበትና 911 ደወለ። ፖሊስ ከነውሻው መጣ። ሲያገኟቸው ከመውጫው ስምንት ሜትር እንኳ አይርቁም ነበር። የአሜሪካ ዜና ለቀናት ሳቀባቸው። እኔ ግን አልፈርድባቸውም። ጨለማ ውስጥ፣ ሕፃን ታቅፎ፣ ስምንት ሜትር በቆሎ አይታይም። ትምህርቱ ጀምበር ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት በፊት መግባት ነው።

ጾመኛ ነን። የሚበላ እናገኛለን?

ወቅቱ የጽጌ ጾም ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁሉም የሚያወራለት የአፕል ሳይደር ዶናት ብዙ ጊዜ እንቁላልና ወተት አለበት፣ ይቆያችሁ። በትልቅ ድስት የሚፈነዳው ኬትል ኮርን በአብዛኛው በቆሎ፣ ዘይት፣ ስኳርና ጨው ብቻ ነው። ትኩሱ አፕል ሳይደር የፖም ጭማቂ ነው፣ አልኮል የለውም። "ሃርድ" የሚል ከተጨመረበት ግን አለው። የተጠበሰ በቆሎ ስታዝዙ ቅቤ እንዳይቀቡት ንገሯቸው። ሃላል የምትፈልጉ ሆት ዶጉ የአሳማ ሥጋ ሊኖርበት ስለሚችል ጠይቁ። ምግብ ከቤት ማምጣት የሚፈቅዱ እርሻዎችም አሉ።

ገበሬው ከዚህ ምን ያገኛል?

እዚህ ጋ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ቡሼል በቆሎ 25 ኪሎ ገደማ ነው። በደህና ዓመት አንድ ኤከር 175 ቡሼል ያህል ይሰጣል፣ በእኛ 44 ኩንታል። ቡሼሉ በ4 ዶላር ቢሸጥ 700 ዶላር ይመጣል፣ ከዚያ ላይ ዘር፣ ማዳበሪያና ነዳጅ ይቀነሳል። 20 ዶላር የሚከፍሉ 35 ሰዎች ደግሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያንኑ 700 ዶላር ያመጣሉ። ከከተማ አጠገብ ያለ ትንሽ ገበሬ መሬቱን ለቤት ሠሪ ሳይሸጥ የሚቆየው አንዳንዴ በዚህ ገንዘብ ነው።

ያለ ጣጣ አይደለም። ኢንሹራንስ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ መጸዳጃ፣ የተማሪ ሠራተኞች ደመወዝ አለ። ወቅቱ ጥቂት ሳምንት ስለሆነ ሁለት ቅዳሜ ዝናብ ከጣለ የዓመቱ ገቢ ይናጋል። ወቅቱ ሲያልቅ የቆመው በቆሎ በኮምባይነር ታጭዶ ለመኖ ስለሚሄድ ቢያንስ እህሉ አይጠፋም።

ሀገር ቤት መሬት አለን። ብንሞክረውስ?

ለምን አይሆንም? ኢትዮጵያ ውስጥ በምርት ብዛት የሚመራው እህል በቆሎ ነው። ግንቦትና ሰኔ የተዘራው መስከረም ላይ ሰው ይውጣል፣ ገናም አረንጓዴ ነው። ያ ወቅት ዕንቁጣጣሽና መስቀል ያሉበት፣ ሰው ከከተማ መውጣት የሚፈልግበት ነው።

ዝርያ ስትመርጡ ግን ቁመት ብቻ አትዩ። ቢኤች 660 በቁመቱ የታወቀ ነው፣ ነገር ግን ረጅም በቆሎ በነፋስ ቶሎ ይጋደማል። አጠር ያለ፣ አገዳው የወፈረ ይሻላል። ጥቁር አፈር ላይ አትሞክሩት፣ በመስከረም ዝናብ ጫማ ተቀብሮ ይቀራል። በግማሽ ሄክታር ጀምሩ። መኪና የሚቆምበት ደረቅ ቦታና ንጹሕ መጸዳጃ ከሌለ ሰው ሁለተኛ አይመለስም። አገዳው ለከብቱም ለማገዶውም ስለሚፈለግ ከቤተሰቡ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከሜዙ ውጭ ያለውን በቆሎ ደግሞ ለእሸት ተዉትና በሩ ላይ ከሰል አያይዞ የሚጠብስ ሰው አስቀምጡ። ከቲኬቱ እኩል ሊሸጥ ይችላል።